የማደግ ዕዳ

በ2023 ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ያደጉት በርንሌይ፣ ሼፊልድ ዩናይትድና ሉተን ታውን በዓመቱ ሦስቱም ተያይዘው ወረዱ። በ2024 ተራው የሌስተር ሲቲ፣ የኢፕስዊች ታውንና የሳውዝሃምፕተን ሆነ፤ እነሱም በ2025 አንድ ሳይቀሩ ወደመጡበት ተመለሱ። ፕሪሚየር ሊጉ ከተመሠረተ ወዲህ ያደጉት ሦስቱም በአንድ ዓመት ሲወርዱ ከዚያ በፊት የታየው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1998 ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ አገራችን ሊግ ስደርስ በራሳችን እቆጥራለሁ።)

አወራረዳቸውም ቀላል አልነበረም። ሼፊልድ ዩናይትድ በ38 ጨዋታ 104 ግብ ተቆጥሮበታል። ሌስተር በሜዳው በተከታታይ 9 የሊግ ጨዋታዎችን አንዲት ግብ ሳያገባ ተሸነፈ። ሳውዝሃምፕተን 7 ጨዋታ እየቀረው መውረዱን አረጋግጦ የውድድር ዘመኑን በ12 ነጥብ ጨረሰ፤ ደርቢ ካውንቲ በ2008 ካስመዘገበው የምንጊዜም ዝቅተኛ የ11 ነጥብ ውርደት ያተረፈችው አንዲት ነጥብ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት የተሰበሰበው የእኛ ተመልካች እነዚህን ክለቦች የሚያስታውሳቸው ባብዛኛው የራሱ ቡድን ስንት ያገባባቸዋል ብሎ ሲገምት ነው።

ደካማ ቡድን መውረዱ የጨዋታው ሕግ ስለሆነ ለምን ወረዱ ብሎ መጠየቁ ብዙም አያስኬድም። የሚያስኬደው ጥያቄ ማደጉ ራሱ ምን አስከፈላቸው የሚለው ነው። የብዙ አገር ክለቦችን ታሪክ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ክለቡን የሚጎዳው ሽንፈቱ አይደለም፤ ያደገ ክለብ ገቢው የአንድ ዓመት፣ ወጪው ግን የአራትና የአምስት ዓመት መሆኑ ነው።

ገንዘቡ ትንሽ እንዳይመስለን። በ2023/24 የመጨረሻውን ደረጃ የያዘው ሼፊልድ ዩናይትድ እንኳ ከሊጉ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተከፍሎታል። የሒሳብ ድርጅቱ ዴሎይት በ2025 ሰንደርላንድ በዌምብሌይ ያሸነፈውን የማደጊያ ፕሌይኦፍ ፍጻሜ በሦስት ዓመት ውስጥ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተጨማሪ ገቢ የሚያስገኝ ጨዋታ ብሎ ተምኖታል። ግን ፍጻሜው የሚደረገው በግንቦት መጨረሻ ሲሆን ሊጉ የሚጀመረው በነሐሴ አጋማሽ ነው። በአስራ አንድ ሳምንት ግድም ውስጥ አዲስ ቡድን መሠራት አለበት፤ የሚሸጥለት ክለብ ደግሞ ገዢው የቴሌቪዥን ብር እጁ እንደገባ ስለሚያውቅ ዋጋውን ሰቅሎ ይጠብቀዋል። የሚገዛው ተጫዋችም ለአንድ ዓመት አይፈርምም። ቡድኑ ከወረደ ደመወዙ እንዲቀነስ ውል ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ሆኖም ጥሩ ተጫዋች እንዲህ ያለውን ውል የሚቀበለው እሱም የራሱን መውጫ በር ካስከፈተ በኋላ ነው። ኢፕስዊች በ2024 ከማንቸስተር ሲቲ የገዛው አጥቂ ሊያም ዴላፕ ቡድኑ እንደወረደ ውሉ ላይ በተጻፈው 30 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ቼልሲ ሄደ። ክለቡ አልከሰረበትም፤ ለመመለስ በሚታገልበት ዓመት ግን አጥቂው አብሮት አልነበረም።

ለወረደ ክለብ የሚሰጠው የፓራሹት ክፍያ ይህን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሊጉ ለእያንዳንዱ ክለብ እኩል ከሚያካፍለው ድርሻ 55 በመቶውን፣ በሁለተኛው 45 በመቶውን፣ በሦስተኛው 20 በመቶውን ያገኛል። ላይ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ግን ሦስተኛው ዓመት ይቀርበታል። ማለትም ክፍያው ቀድሞ የሚቋረጠው በጣም በሚያስፈልገው ክለብ ላይ ነው። ሁለተኛው እርከን፣ ቻምፒየንሺፑ ውስጥ የቀሩት ክለቦች በበኩላቸው ፓራሹት ከሚከፈለው ጋር እንወዳደራለን ሲሉ ለደመወዝ የሚያወጡት ካጠቃላይ ገቢያቸው በልጦ የተገኘበት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ ብዙ ክለብ ሲያድግ ከነዕዳው ነው የሚያድገው።

በዚህ ላይ የኪሳራ ገደብ ነበረ፤ እስከ 2025/26 የሠራው ደንብ ማለቴ ነው። በፕሪሚየር ሊጉ የቆየ ክለብ በሦስት ዓመት እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከስር ይፈቀድለት ነበር፤ በዓመት 35 መሆኑ ነው። በቻምፒየንሺፕ ላሳለፈው ዓመት የሚፈቀደው 13 ሚሊዮን ብቻ ነበር። እንግዲህ ሁለቱን ዓመት ታች አሳልፎ አንዱን ላይ የተጫወተ ክለብ ገደቡ 61 ሚሊዮን ይሆን ነበር። ከነማንቸስተር ሲቲና ከነአርሰናል ጋር በአንድ ሜዳ እየተሰለፈ ሊከስር የሚፈቀድለት ግን ከእነሱ 44 ሚሊዮን ባነሰ ነበር። ኖቲንግሃም ፎረስት የገባበት ወጥመድ ይህ ነበር። በ2022 ሲያድግ ቡድኑ ውስጥ ቁልፍ የነበሩት ብዙዎቹ የውሰት ተጫዋቾች ስለነበሩ ወደየክለባቸው ተመለሱ፤ ፎረስትም በአንድ ክረምት ከ20 በላይ ተጫዋቾች አስፈረመ። ገደቡን በ34.5 ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ተገኘና በመጋቢት 2024 አራት ነጥብ ተቀነሰበት። ከራሱ አካዳሚ ያወጣውን ብሬናን ጆንሰንን ለቶተንሃም በ47.5 ሚሊዮን ሸጦ ነበር፤ ሽያጩ የተፈጸመው ግን የሒሳብ ዓመቱ ከተዘጋ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቀደም ብዬ ብሸጠው በርካሽ ይሄድብኝ ነበር ቢልም ሰሚ አላገኘም። ለንግድ ሰው ግልጽ የሆነው ነገር ለደንቡ አልገባውም።

አሁን ሉተንን ከጎኑ እናስቀምጥ። ሉተን ከ2009 እስከ 2014 ከእንግሊዝ አራት ፕሮፌሽናል እርከኖች ውጭ፣ ከነጭራሹ «ሊግ ያልሆነ» በሚባለው አምስተኛ እርከን ሲጫወት የነበረ ክለብ ነው። አማካዩ ፔሊ ሩዶክ ምፓንዙ ከዚያ ጀምሮ አብሮት እስከ ፕሪሚየር ሊግ የወጣ ነው፤ በአንድ ክለብ ይህን መንገድ የተጓዘ ከእሱ በፊት አልነበረም። ሜዳው ኬኒልዎርዝ ሮድ 12 ሺህ ሰው እንኳ በቅጡ አይዝም፤ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ የሚገባው በመኖሪያ ቤቶች መሐል በተከፈተ በር ነው። ሜዳውን ለፕሪሚየር ሊጉ የካሜራና የመብራት ደንብ ለማብቃት ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ፤ ሥራው በጊዜ ስላልደረሰ ከበርንሌይ ጋር የነበረው የመጀመሪያ የሜዳው ጨዋታ ተላለፈ። በዝውውሩ ግን ክለቡ እንደ ፎረስት አላበደም። ደመወዙን አቅሙን ዐውቆ ያዘ። በዚያች ጠባብ ሜዳ ሊቨርፑልን 1 ለ 1 ሲያስጨንቀው፣ አርሰናልም በ97ኛው ደቂቃ ዴክላን ራይስ ባገባት ግብ 4 ለ 3 ሲያመልጠው አይተናል። መጨረሻው 26 ነጥብና 18ኛ ደረጃ ሆነ። ነጥብ የተቀነሰበት ፎረስት በ32 ነጥብ ልክ ከእሱ በላይ ተቀምጦ ተረፈ። ያንን ተከትሎ ፎረስት በ2025 ሰባተኛ ወጥቶ የአውሮፓ ውድድር ሲያገኝ፣ ሉተን በዚያው ዓመት ከቻምፒየንሺፕም ወርዶ ወደ ሦስተኛው እርከን ሊግ ዋን ገባ። ከድጡ ወደ ማጡ።

ያደገ ክለብ ቆጥቦ ከተጫወተ አይጎዳም የሚለው የብዙ ተንታኞች ምክር እዚህ ላይ ይሰበራል። ሉተን ምክሩን ሰምቶ ሁለት ጊዜ ወርዷል፤ ፎረስት ረግጦት ተቀጥቶ አትርፏል። ታዲያ ደንቡን መጣስ ያዋጣል ማለቴ አይደለም። ለአንዱ ፎረስት ብዙ ብራድፎርዶች አሉ።

ብራድፎርድ ሲቲ በ1999 ከ77 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ ተመለሰ። በመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻ ዕለት ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፎ ለጥቂት ሳይወርድ ቀረ። ጉዳቱ የመጣው በመትረፉ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሊቀመንበሩ ጄፍሪ ሪችመንድ ራሱ በኋላ የስድስት ሳምንት እብደት ብሎ በጠራው በ2000 ክረምት ክለቡ ጣሊያናዊውን ቤኒቶ ካርቦኔን በሳምንት 40 ሺህ ፓውንድ አስፈረመ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ2001 ወረደ፣ በ2002 ከስሮ በአስተዳዳሪ እጅ ገባ፣ በ2004 ደገመው፣ በ2007 አራተኛው እርከን ላይ ተገኘ። ወዲያው ቢወርድ ኖሮ ካርቦኔን የሚያስፈርምበት ድፍረት ከየት ይመጣለት ነበር? ስለ ማደግ ስንናገር ሁለተኛውን ክረምት የምንረሳው ይመስለኛል። የመጀመሪያው ዓመት ፍርሃት ሰውን ቆጣቢ ያደርገዋል፤ አንድ ጊዜ የተረፈ ግን ቤቱ የዘላለም መስሎት ዕቃ ይገዛል።

ብላክፑል የተገላቢጦሹ ነው። በ2010 ሲያድግ ለተጫዋች ያወጣው ጥቂት ነበር፤ በአሰልጣኝ ኢያን ሆሎዌይ ስር ደፋር ኳስ ተጫውቶ 39 ነጥብ አግኝቶ በመጨረሻው ዕለት ወረደ። ገንዘቡ ግን ሜዳና ልምምድ ቦታ ላይ አልታየም። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 የኦይስተን ቤተሰብ ከክለቡ ያላግባብ ገንዘብ አውጥቷል ብሎ ለባለድርሻው ቫለሪ ቤሎኮን 31 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንዲከፍሉት ወሰነ። ደጋፊው ለዓመታት ሜዳ አልገባም ብሎ አድሟል፤ ቡድኑም በ2016 አራተኛው እርከን ደርሶ ነበር። ብራድፎርድን ያጠፋው ባለቤቱ ያባከነው ብር ከሆነ ብላክፑልን የጎዳው ባለቤቱ ኪስ የገባው ነው። ሁለቱንም የፈተናቸው ያው ድንገተኛ ገንዘብ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የማያስተኛኝ ግን ቡድኑን ያሳደጉት ሰዎች ዕጣ ነው። ሰንደርላንድን በ2025 በዌምብሌይ ሼፊልድ ዩናይትድ ላይ በ95ኛው ደቂቃ ያሳደገችውን ግብ ያገባው ቶሚ ዋትሰን ነው፤ ልጁ ቀድሞ ለብራይተን ተሽጦ ስለነበር ባሳደገው ቡድን ማልያ ፕሪሚየር ሊግ ላይ አንድ ቀን አልተሰለፈም። እሱ በፈቃዱ ሄደ እንበል። ሌሎቹ የሚሄዱት ተገፍተው ነው። 46 ጨዋታ የተጫወተ ተከላካይ ነሐሴ ላይ ልምምድ ሲመጣ ቦታው በሌላ ተይዞ ያገኘዋል፤ ቡድኑ ሲወርድ ካሳደጉት ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ውስጥ የቀረው ሦስት አራት ሰው ብቻ ይሆናል። ከዚያ ወርዶ ቻምፒየንሺፕን እንደገና መጫወት ሲመጣ፣ ያንን ሊግ የሚያውቁት ተሰናብተው የማያውቁት በከፍተኛ ደመወዝ ቁጭ ብለዋል።

አሰልጣኙም ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ሌስተርን ያሳደገው ኤንዞ ማሬስካ ሊጉ ሳይጀመር በቼልሲ ተወሰደ። ቦርንማውዝን ያሳደገው ስኮት ፓርከር ሊቨርፑል 9 ለ 0 ካሸነፈው በኋላ በአራተኛው ጨዋታ ተባረረ፤ ሳውዝሃምፕተንን ያሳደገው ራስል ማርቲን እስከ ታኅሣሥ ቆየ። አንዱ ልዩ ጉዳይ ቪንሰንት ኮምፓኒ ነው፤ ከበርንሌይ ጋር ወርዶ የባየርን ሙኒክ አሰልጣኝ ሆነ። ክለቡ ሲወርድ ሰውየው የሚያድግበት ዓለም ነው።

ማደግ ለደጋፊ ምን እንደሚመስል ደግሞ በርንሌይ ራሱ ያሳያል። በ2022/23 በ46 ጨዋታ የተሸነፈው 3 ጊዜ ነበር፤ 101 ነጥብ ሰበሰበ። በቀጣዩ ዓመት በ38 ጨዋታ 24 ጊዜ ተሸነፈ። የሚያሸንፍ ቡድን ደጋፊ መሆን በአንድ ክረምት ውስጥ የሚሸነፍ ቡድን ደጋፊ ወደመሆን ይለወጣል፤ ትኬቱም ይወደዳል፣ የጨዋታውን ሰዓት የሚቆርጠውም ቴሌቪዥን ስለሆነ ሰኞ ማታ አገር አቋርጦ ሄዶ 4 ለ 0 መሸነፍ ይመጣል። ብዙ እንግሊዛዊ ደጋፊ ቻምፒየንሺፑ ይሻለን ነበር ሲል ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሌላ አገር ደግሞ ያደገ ክለብ ቅጣቱን የሚቀበለው ገና ኳስ ሳይነካ ነው። በባስክ ምድር ያለችው ኤይባር 27 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ክለቧ በ2014 ወደ ላሊጋ ሲያድግ ምንም ዕዳ አልነበረበትም። የስፔን ሕግ ግን የክለቡ ካፒታል ከአማካይ ወጪ ጋር ተሰልቶ ወደ 2.1 ሚሊዮን ዩሮ እንዲደርስ ስለሚያስገድድ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ካላመጣ በሜዳ ያላጣውን ደረጃ በወረቀት ሊያጣ ሆነ። አክሲዮኑን ከብዙ አገር ለተሰበሰቡ ትናንሽ ገዢዎች ሸጦ ዳነ። በዓመቱ መጨረሻ 18ኛ ወጥቶ መውረጃው ቀጠና ውስጥ ነበር፤ ያተረፈው 13ኛ የጨረሰው ኤልቼ በዕዳው ምክንያት እንዲወርድ መወሰኑ ነው። ዕዳ የሌለው ክለብ በካፒታል ማነስ ሊወርድ ሲል ቆይቶ በሌላው ዕዳ ተረፈ። ሰባት ዓመት ላሊጋ ውስጥ ቆየ።

የዚህ ሁሉ ማሳያ ቁንጮው ግን በርሊን ነው። በ1965 ሄርታ በርሊን ለተጫዋቾች ከደንብ ውጭ በመክፈሉ ከቡንደስሊጋው ሲባረር፣ የጀርመን ፌዴሬሽን በግንብ የተከበበችው ምዕራብ በርሊን ያለ ተወካይ እንዳትቀር ፈለገ። የበርሊን ሊግ አሸናፊው ቴኒስ ቦሩሲያ በማደጊያው ውድድር ወድቆ ነበር። ሁለተኛ የወጣው ሽፓንዳወር ኤስፋው ቢጠየቅ አልፈልግም አለ። ሦስተኛው ታስማኒያ 1900 እሺ አለ፤ ሊጉ ሊጀመር የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታውን በኦሊምፒያ ስታዲየም 81,500 ሰው እያየው ካርልስሩኸን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጥር 1966 ከቦሩሲያ ሞንሸንግላድባኽ ጋር ሲጫወት የተገኘው ተመልካች 827 ነበር። በ34 ጨዋታ 15 ግብ አግብቶ 108 ተቆጠረበት፤ ክለቡም በ1973 ከስሮ ፈረሰ። ዛሬም ጀርመን ውስጥ ቡድን በጣም ሲሸነፍ የሚነጻጸረው ከታስማኒያ ጋር ነው። የሽፓንዳውን ክለብ ግን የሚያነሳው የለም። እኔ ግን በእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ አይሆንም ማለትን የቻለ ክለብ ሲገኝ ስሙ መጠራት አለበት ባይ ነኝ።

ብራይተን በ2017፣ ብሬንትፎርድ በ2021 አድገው መቆየታቸው እውነት ነው። ታሪካቸው ሲታይ ግን አዲሱን ስታዲየም የሠሩት፣ የተጫዋች መረጣ ዘዴያቸውን ያደራጁት፣ ባለቤቶቻቸው ቶኒ ብሉምና ማቲው ቤንሃም ለዓመታት ገንዘብ ያፈሰሱት ገና ታች እያሉ ነው። ያንን ትዕግሥትና ያንን ባለቤት ያላገኘ ክለብ የእነሱን ስም እየጠራ ቢያድግ ከንቱ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሒሳቡ ይገለበጣል። በ2015 ዓ.ም ከሁለተኛው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊግ፣ ሦስት ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደጉ፤ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ። በ2016 ዓ.ም ንግድ ባንክ ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሻሸመኔና ሀምበሪቾ ወረዱ። ሦስቱ አብረው አድገው እንዲህ የተለያዩት ለምን ይሆን? ኳስ ብቻ ነው የሚል ካለ ከኋላቸው ማን እንደቆመ ይመልከት፤ የአንዱ ባንክ፣ የሌሎቹ የከተማና የዞን አስተዳደር በጀት ነው። ከዚያ በፊት ጅማ አባ ጅፋርም ባደገ በዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም፣ ዋንጫውን ወስዶ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብጹ አል አህሊ ጋር እስከመጫወት ደርሶ ነበር። በ2014 ዓ.ም ወረደ። ዋንጫ እንኳ ለአራት ዓመት ዋስትና አልሆነም።

እንግሊዝ ውስጥ ማደግ ገቢንም ወጪንም ያንራል። እኛ ዘንድ ወጪው ብቻ ነው በግልጽ የሚንረው። ደመወዙ፣ የፊርማ ክፍያው፣ ሆቴሉ፣ ትራንስፖርቱ ይጨምራል፤ የቴሌቪዥን ድርሻው ይህን አይሸፍንም፤ የሜዳ መግቢያው ገቢ ደግሞ ለአብዛኞቹ የለም ማለት ይቀላል። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ለቴሌቪዥን ሥርጭት ሲባል እንደ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ባሉ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ ሲካሄድ ቆይቷል። ሉተን ሊቨርፑልን ያስጨነቀባት ዓይነት ጠባብ ሜዳ፣ የደካማ ቡድን ብቸኛ መሣሪያ፣ ያደገው ክለባችን የለውም። ዱራሜ ላይ ሕፃን አዋቂው ቡድኔ አደገ ብሎ አደባባይ ወጥቶ ጨፍሮ፣ ቡድኑን የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። ደመወዝ ለወራት አልተከፈለንም የሚለው የተጫዋቾች አቤቱታም በየዓመቱ ለፌዴሬሽኑ የሚደርስ የለመድነው ዜና ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ለኳሱ የሚበጅተው ብር ከውኃውና ከመንገዱ ጋር የሚሻማ ስለሆነ ዓመቱ ሳይጋመስ ያልቃል።

የብራድፎርድንና የብላክፑልን ታሪክ በዝርዝር ማወቅ የቻልነው የእንግሊዝ ክለቦች እንደማንኛውም ኩባንያ የዓመት ሒሳባቸውን ለሕዝብ ማስመዝገብ ስላለባቸው ነው። ደጋፊውም ጋዜጠኛውም ሰነዱን ከፍቶ የትኛው ብር የት እንደገባ መጠየቅ ይችላል። የእኛዎቹ ክለቦች፣ ቢያንስ አብዛኞቹ፣ በሕዝብ ገንዘብ እየተዳደሩ ሒሳባቸውን ለደጋፊ ሲያቀርቡ አይታዩም። አንድ የከተማ ነዋሪ ክለቡ ባደገበት ዓመት ስንት እንደወጣ ቢጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከሰነድ ሳይሆን ከወሬ ነው።